«ቀልዴን ነው» ማለት ይበቃልን?

ከሕያዋን ፍጥረቶች ሁሉ የሚስቀው ሰው ብቻ እንደ ሆነ አሪስቶትል ጽፏል። ሰው የሚስቅበት ምክንያት ግን አንድ አይደለም። በሕፃን ኮልታፋ ንግግር ይስቃል፤ ባልጠበቀው ነገር ይስቃል፤ በባላንጣው መውደቅም ይስቃል። ከነዚህ ሁሉ መካከል ልዩ ጠባይ ያለው አንዱ፣ የሌላውን ሰው ንግግር፣ አረማመድ፣ ድርሰት ወይም ዜማ አስመስሎ በማቅረብ የሚገኘው ሳቅ ነው። መምህሩ ከክፍል እንደ ወጡ ድምፃቸውንና የጠመኔ አያያዛቸውን የሚቀዳ ተማሪ በየትምህርት ቤቱ አይጠፋም። የኀላፊውን አካሄድና የጉሮሮ አጠራረግ እያሳየ ባልደረቦቹን በሳቅ የሚያፈርስ ጸሐፊም በየመሥሪያ ቤቱ አለ። ይህንኑ ተግባር በቲያትር፣ በመጽሐፍ፣ በፊልምና በዘፈን፣ በዘመናችንም በየእጅ ስልኩ በሚታየው አጭር ትርኢት እናገኘዋለን። ፈረንጆች ከግሪኮች በወረሱት ቃል «ፓሮዲ» ይሉታል።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ቀልዱ ያስቃል ወይስ አያስቅም የሚለውን አይደለም። የተቀለደበት ሰው ቅር ባለው ጊዜ ቀልደኛው የሚሰጠው መልስ በአገራችን የታወቀ ነው፤ «ቀልዴን ነው» ይላል። በዚህች አጭር ቃል ክርክሩ ሁሉ የሚዘጋ ይመስላል። ቅር የተሰኘው ሰው ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ቢናገር፣ ቀልድ የማያውቅ ተብሎ እንደ ገና መሳቂያ ይሆናል። እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፤ አስመስሎ የሚቀልድ ሰው «ቀልዴን ነው» ማለቱ ከኀላፊነት ነጻ ያወጣዋልን? ለመልሱ የሚረዱንን ጥቂት ምሳሌዎች ከታሪክ እንጠቅሳለን፤ ዓመቶቹም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ምሳሌዎቹ ከመግባታችን በፊት ቃሉን ራሱን እንመልከት። በአማርኛ «አስመሰለ» የሚለው ግሥ ሁለት ዐይነት ሰዎችን ያገለግላል። ተዋናዩ ንጉሥ ሳይሆን ንጉሥ መስሎ ይጫወታል፤ ግብዙም ጻድቅ ሳይሆን ጻድቅ ይመስላል። ለሁለተኛው «አስመሳይ» የሚል የነቀፋ ስም እንሰጠዋለን፤ ለመጀመሪያው ግን እናጨበጭብለታለን። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የችሎታ አይደለም፤ ግብዙ ከተዋናዩ ይልቅ የተዋጣለት ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ፣ ተዋናዩ ተመልካቹን የጨዋታው ተካፋይ ሲያደርገው፣ ግብዙ ግን ተመልካቹን የተንኮሉ ሰለባ የሚያደርገው መሆኑ ነው። አስመስሎ መቀለድ በነዚህ በሁለቱ ድንበር ላይ የቆመ ጥበብ ነው። ስለዚህም የሳቅ ብቻ ሳይሆን የግብረ ገብም ጥያቄ ያስነሣል።

በመጀመሪያ የዚህን ጥበብ መልካም ገጽ እንይ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ405 ዓመት የአቴናው ባለቅኔ አሪስቶፋንስ «እንቁራሪቶች» የተባለውን ኮሜዲ አቀረበ። በዚህ ቲያትር ዲዮኒሶስ የተባለው የግሪኮች አምላክ ከሞቱት ባለቅኔዎች አንዱን ወደ ሕያዋን ለመመለስ ወደ ሙታን አገር ይወርዳል። በዚያም ኤስኪለስና ኤውሪጲደስ የሚባሉት ሁለት ታላላቅ ደራስያን ስለ በላይነት ይከራከራሉ። ኤስኪለስ የኤውሪጲደስን የመግቢያ ስንኞች አንድ በአንድ እየተቀበለ፣ በእያንዳንዱ ላይ ስለ አንዲት የጠፋች የዘይት ዕቃ የሚናገር ያንኑ አንድ ሐረግ ይቀጥልበታል፤ ግርማ የነበረው ስንኝ ሁሉ በዘይት ዕቃዋ ይሰናከላል። በመጨረሻም የሁለቱ ግጥም ገበያ እንደ ወጣ አይብ በሚዛን ይመዘናል። አሪስቶፋንስ ይህን ሊጽፍ የቻለው የሁለቱን ባለቅኔዎች ድርሰት በሚገባ ስለሚያውቅ ነው፤ አቴናውያንም ሊስቁ የቻሉት ያንኑ ድርሰት በጆሯቸው ስለ ሰሙት ነው። በዚህ ዐይነት ቀልድ ውስጥ የተደበቀ አክብሮት አለ። ሰው የማያውቀውን ነገር ሊሰድበው ይችላል፤ አስመስሎ ሊቀልድበት ግን አይችልም።

ስፔናዊው ሰርቫንቴስም በ1605 የመጀመሪያውን፣ በ1615 ሁለተኛውን ክፍል ባሳተመው «ዶን ኪኾቴ» በሚባለው መጽሐፉ ያደረገው ይህንኑ ነው። በዘመኑ ሕዝቡ እየተሻማ ያነባቸው የነበሩትን የፈረሰኞች ጀብዱ ታሪኮች አስመስሎ ጻፈና አላገጠባቸው። ይሁን እንጂ በመጽሐፉ ውስጥ ቄሱና ፀጉር አስተካካዩ የዶን ኪኾቴን መጻሕፍት እየመረመሩ ወደ እሳት በሚያስጥሉበት ጊዜ፣ «አማዲስ ዘጋውላ» የተባለውን መጽሐፍ ከዐይነቱ ሁሉ የሚበልጥ ነው ብለው ከእሳት ያድኑታል። ቀልደኛው የሚቃጠለውንና የሚተርፈውን ለይቶ ማወቁ በዚህ ይታያል። በሁለተኛውም ክፍል አንድ መስፍንና ሚስቱ በዶን ኪኾቴና በሎሌው በሳንቾ ለመሳለቅ ሲሉ ብዙ ወጪና ድካም የጠየቀ የማስመሰል ትርኢት በግቢያቸው ያዘጋጃሉ። ሰርቫንቴስም በተራኪው አፍ፣ በሁለት ዕብዶች ለመሳቅ ይህን ያህል የሚደክሙ ሰዎች ራሳቸው ከዕብደት ብዙ የራቁ እንዳልሆኑ ያመለክታል። የቀልድ ታላቁ ሊቅ ቀልደኞችንም ከፍርድ ውጭ አላደረጋቸውም ማለት ነው።

በፊልም ዘመንም ይኸው ሕግ አልተለወጠም። በ1974 ሜል ብሩክስ «ያንግ ፍራንከንስታይን» የተባለውን አስቂኝ ፊልም ሲሠራ፣ የ1931ዱን አስፈሪ ፊልም ለማስመሰል ሥራውን በጥቁርና ነጭ ቀረጸው፤ በመጀመሪያው ፊልም ላይ የታዩትን የቤተ ሙከራ መሣሪያዎች ሳይቀር ከሠሪያቸው ተውሶ ተጠቀመባቸው። በ1980 የወጣው «ኤርፕሌን» የተባለው ፊልም ደግሞ በ1957 በወጣው «ዜሮ አወር» በተባለው፣ በአየር ላይ ሳሉ አብራሪዎቹ በምግብ መመረዝ ስለ ታመሙበት አውሮፕላን በሚተርከው የቁም ነገር ፊልም ላይ የተመሠረተ ነው። ደራሲዎቹ ጂም ኤብራሃምስ፣ ዴቪድ ዙከርና ጄሪ ዙከር የቀድሞውን ፊልም መብት ገዝተው ታሪኩንና ብዙውን ንግግር እንዳለ ወሰዱ። ሌስሊ ኒልሰንን የመሰሉ፣ እስከዚያ ጊዜ በቁም ነገር ሥራ የሚታወቁ ተዋንያንንም መርጠው፣ የማይረባውን ነገር ሁሉ ፊታቸውን ሳይፈቱ እንዲናገሩ አደረጓቸው። ተመልካቹ የሳቀው በሕመምተኛ ወይም በድኻ አይደለም፤ የፊልም ሥራ ራሱን ከመጠን በላይ ሲያከብርና ሲያስጨንቅ አይቶ ነው።

በሕግም ረገድ የተሰጠ አንድ ፍርድ ለጉዳያችን ይጠቅማል። ሮይ ኦርቢሰን በ1964 ያወጣውን የታወቀ ዘፈን አንድ የራፕ ዘፋኞች ቡድን አስመስሎ ስለ ቀለደበት፣ የዘፈኑ ባለ መብት የሆነው ድርጅት ክስ አቀረበ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1994 በሰጠው ውሳኔ፣ አስመስሎ የሚቀልድ ሰው የሚተቸውን ሥራ መዋሱ የግድ እንደ ሆነ፣ ለገንዘብ የተሠራ መሆኑም ብቻውን እንደማያስኰንነው አስረዳ። ነገር ግን የተዋሰውን ነገር የማይተች፣ የሰው ዐይን ለመሳብ ወይም የራሱን ድካም ለማቅለል ብቻ የሚዋስ ሰው የመዋስ ምክንያቱ እየሳሳ እንደሚሄድ ጨምሮ ገለጸ። ይህ ልዩነት ከሕግ መጽሐፍ ወጥቶ ወደ ኅሊና ሊገባ የሚገባው ነው። አንድን ነገር ስለ ራሱ ለመናገር መዋስ አንድ ነው፤ ስለ ሌላ ነገር ለመናገር እንደ ልብስ ማጥለቅ ግን ሌላ ነው። ዝቅ ብለን እንመለስበታለን።

እስካሁን የተናገርነው ስለ መልካሙ ገጽ ነው። ይሁን እንጂ ያው አሪስቶፋንስ፣ ከ«እንቁራሪቶች» በፊት በ423 ዓመት፣ «ደመናዎች» የተባለ ሌላ ኮሜዲ አቅርቦ ነበር። በዚህ ቲያትር ፈላስፋው ሶቅራጥስ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ሰማይን የሚመረምር፣ ደካማውን ክርክር ብርቱ አድርጎ ማቅረብን ለወጣቶች የሚያስተምር ሰው ሆኖ ተሥሏል። ይህ ሥዕል ከእውነተኛው ሶቅራጥስ ይልቅ በክፍያ ንግግር ያስተምሩ ለነበሩት ሶፊስቶች የሚስማማ ነበር። ቲያትሩ በውድድሩ ከሦስቱ የመጨረሻውን ቦታ አገኘ፤ ሥዕሉ ግን ቀረ። ከሃያ አራት ዓመት በኋላ፣ በ399፣ ሶቅራጥስ ወጣቶችን ያበላሻል፣ የከተማይቱን አማልክት አይቀበልም ተብሎ ለፍርድ ቀረበ። ፕላቶን እንደ ጻፈው፣ ሶቅራጥስ በመከላከያ ንግግሩ ከዛሬዎቹ ከሳሾች ይልቅ የቀድሞዎቹን ከሳሾች እንደሚፈራ ተናገረ፤ ከነዚያም መካከል በስም ሊጠራው የቻለው የኮሜዲውን ደራሲ ነው። ዳኞቹ ብዙዎቹ ልጆች ሳሉ ስለ ሶቅራጥስ ያደረባቸውን አስተያየት ይዘው አድገዋል። ሶቅራጥስን የገደለው ቲያትር ነው ማለት ታሪኩን ማጣመም ይሆናል፤ በጦርነት የተሸነፈችው አቴና ሌላ ብዙ ምክንያት ነበራት። ነገር ግን ስለ አንድ ሰው በሳቅ የተዘራ አስተያየት ሳቁ ከተረሳ በኋላ ምን ያህል ዘመን እንደሚኖር ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም። ሶቅራጥስ ሙግትን በሙግት ሊመልስ ይችል ነበር፤ ለሳቅ ግን የሚመልሰው ቃል አልነበረውም።

ከዚህ ተነሥቶ፣ እንግዲያውስ ሰውን አስመስሎ መቀለድ ፈጽሞ ይቅር የሚል ሰው ቢኖር፣ ቻርሊ ቻፕሊንን እናስታውሰዋለን። ቻፕሊን በ1940 «ታላቁ አምባገነን» በተባለው ፊልሙ ሂትለርን አስመስሎ ሠራ። የጀርመን ቋንቋ የሚመስል፣ ትርጉም የሌለው የጩኸት ንግግር አሰማ፤ ሚሊዮኖችን ያስፈራው ድምፅ ትርጉሙ ሲወጣለት ባዶ ጩኸት መሆኑን ሕዝብ ሰማ። በዚያን ጊዜ ሂትለር የአውሮፓን እኩሌታ የረገጠ ሰው ነበር፤ ቻፕሊን ያንቋሸሸው ሊመልስ የማይችለውን ደካማ ሳይሆን፣ የማይነካ የሚመስለውን ኀያል ነው። ሆኖም በ1964 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ፣ በእስረኞች ካምፖች ውስጥ የተፈጸመውን እውነተኛ ግፍ ቢያውቅ ኖሮ ያንን ፊልም ሊሠራው እንደማይችል ጽፏል። ይህ ቃል ፊልሙ ስሕተት ነበር ማለት አይደለም። በቀልድ ዐዋቂነቱ ዓለም የመሰከረለት ሰው እንኳ ሳቅ የማይደርስበት፣ ሳቅ ዝም ሊል የሚገባው ቦታ እንዳለ ማመኑን ያሳያል እንጂ።

አሁን የምንጠቅሰው ታሪክ የአገራችን ስም የገባበት ስለ ሆነ በዝርዝር እናየዋለን። በፌብሩዋሪ 7 ቀን 1910፣ የእንግሊዝ ባሕር ኀይል መመኪያ የነበረችው «ድሬድኖት» የተባለችው የጦር መርከብ በዌይመዝ አጠገብ ቆማ ሳለች፣ የአቢሲንያ መሳፍንት ሊጎበኟት እንደሚመጡ የሚያስታውቅ ቴሌግራም ለአዛዡ ደረሰው። ቴሌግራሙ ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የተላከ ይመስል ነበር፤ ነገር ግን ሐሰተኛ ነበር። ከለንደን በባቡር የመጡት ስድስት ሰዎች ናቸው። የነገሩ ጠንሳሽ ሆረስ ዴ ቪር ኮል የውጭ ጉዳይ ባለሥልጣን፣ ኤድሪያን ስቲቨን አስተርጓሚ፣ የቀሩት አራቱ ደግሞ መሳፍንት ሆነው ቀረቡ። ከአራቱም አንዷ የኤድሪያን እኅት ቨርጂኒያ ነበረች፤ ኋላ ቨርጂኒያ ዉልፍ በሚለው ስም ከእንግሊዝ ታላላቅ ደራስያን አንዷ የሆነችው እርሷ ናት። መሳፍንት የተባሉት ፊታቸውን ጥቁር ቀለም ተቀቡ፤ ሰው ሠራሽ ጢም ለጠፉ፤ የቲያትር አልባሽ ያዘጋጀላቸውን ቀሚስና ጥምጥም ለበሱ።

መኰንኖቹ በክብር ዘብ ተቀበሏቸው። የሙዚቃው ጓድ የኢትዮጵያን መዝሙር ሊያገኝ ባለመቻሉ የዛንዚባርን መዝሙር መታ። አስተርጓሚውም ከመጽሐፍ የለቀማቸው ጥቂት የስዋሂሊ ቃላት ስላለቁበት፣ በትምህርት ቤት ያጠናውን የቨርጂልን የላቲን ግጥም ድምፁን እያጣመመ «በመሳፍንቱ ቋንቋ» ተናገረ። ምግብ በቀረበላቸው ጊዜ ቀለማቸው እንዳይለቅ ፈርተው፣ ሃይማኖታቸው እንደማይፈቅድላቸው በመግለጽ አልተቀበሉም። በመርከቧ ላይ የስቲቨኖች ዘመድ የሆነ መኰንን ነበረ፤ እርሱም ፊት ለፊት ቆሞ አላወቃቸውም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ወሬው ከነፎቶግራፉ በጋዜጣ ወጣ፤ ታላቁ የባሕር ኀይልም በየሙዚቃ አዳራሹ የሚዘፈንበት መሳቂያ ሆነ።

በዚህ ቀልድ ውስጥ የሚመሰገን ነገር የለም ማለት አይቻልም። የስድስት ሰዎች ድፍረት፣ ለልብስና ለማዕርግ ብቻ የሚሰግድ ሥርዐት ምን ያህል ዕውር እንደ ሆነ ለሕዝብ ገልጧል። አንድም መኰንን አንዲት ጥያቄ አልጠየቀም፤ ቴሌግራም መጣ፣ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ሰልፍ ተሰለፈ። ማኅተም ያለበትን ወረቀት ሁሉ ሳይመረምር የሚያስተናግድ መሥሪያ ቤት በየትም አገር ይህን ታሪክ ቢያነብ ይጠቀማል። ቀልዱ የተነጣጠረውም በኀያል ላይ እንጂ በደካማ ላይ አልነበረም።

ነገር ግን የቅኔ ትምህርት ያለው አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ይጠይቃል። በቅኔ ሰምና ወርቅ አለ፤ ባለቅኔውም በወርቁ ብቻ አይጠየቅም። ሰሙ ካልገጠመ፣ ሰሙ ነውር ከሆነ፣ «እኔ የፈለግሁት ወርቁን ነው» ቢል ጉባኤው አይቀበለውም፤ ሰሙንም ወርቁንም የዘረፈው እርሱ ነውና። በድሬድኖት ቀልድ ወርቁ የእንግሊዝ ባሕር ኀይል ነበር፤ ሰሙ ግን እኛ ነበርን። ቀልደኞቹ ስለ ኢትዮጵያ ክፉ ሊናገሩ አላሰቡም። ክፉም ይሁን ደግ ስለ ኢትዮጵያ ምንም ሊናገሩ አላሰቡም፤ በደሉም ያለው በዚሁ ላይ ነው። አንድን ሕዝብ ከነቋንቋው፣ ከነሃይማኖቱ፣ ከነመልኩ፣ ለሌላ ጨዋታ እንደ ልብስ ተዋሱት። ላቲን ተጣምሞ ቋንቋው ሊሆን ቻለ፤ የዛንዚባር መዝሙር መዝሙሩ ሊሆን ቻለ፤ ጾምና የምግብ ሥርዐቱ የቀለም መጠበቂያ ምክንያት ሆነ።

ስለ ኢትዮጵያ የሚታወቅ ነገር አልነበረም የሚባል ምክንያትም አይሠራም። ከዐሥራ አራት ዓመት በፊት፣ በ1896፣ የዐድዋ ድል በአውሮፓ ጋዜጦች ሁሉ ተወርቷል። በ1897 የእንግሊዝ መንግሥት ራሱ መልእክተኛ ልኮ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር በአዲስ አበባ ውል ተዋውሏል። በ1902 ደግሞ ልዑል ራስ መኰንን ለንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ የዘውድ በዓል ወደ ለንደን መጥተው በክብር ተቀብለዋቸዋል። እውነተኛው የኢትዮጵያ መስፍን የእንግሊዝን ምድር ከረገጡ ስምንት ዓመት ብቻ አልፎ ነበር። አሪስቶፋንስ የኤውሪጲደስን ስንኝ እያወቀ አላገጠ፤ እነዚህ ግን የባሕር ኀይላቸውን እያወቁ፣ ያጠለቁትን ሕዝብ ግን ሳያውቁና ማወቅም ሳያስፈልጋቸው አላገጡ። አስመስሎ መቀለድ ዕውቀትን ይጠይቃል ብለናል፤ የድሬድኖት ሰዎች ይህን ግዴታ በግማሽ ብቻ ፈጸሙት።

ኤድሪያን ስቲቨን የዚህን ነገር ታሪክ በትንሽ መጽሐፍ ጽፎ ያሳተመው በ1936 ነው። በዚያው ዓመት የፋሽስት ኢጣልያ ጦር አዲስ አበባን ያዘ፤ በጁን 30 ቀንም ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ በጄኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው በራሳቸው ቋንቋ በአማርኛ ሊናገሩ ሲነሡ፣ በአዳራሹ የነበሩ የኢጣልያ ጋዜጠኞች እያፏጩና እያላገጡ ሊያቋርጧቸው ሞከሩ። አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ማለታችን አይደለም፤ የወጣቶች ጨዋታና የፋሽስቶች ጥላቻ አንድ ሚዛን ላይ አይወጡም። ነገር ግን የሁለቱ ዓመት መግጠም አንድ ነገር ያሳስባል። ድምፁ የማንም መቀለጃ ሊሆን ይችላል ተብሎ የተገመተ ሕዝብ፣ በጭንቅ ቀን በእውነተኛ ድምፁ ሊናገር ሲቆም ጸጥታ ማግኘት አስቀድሞ መታገልን ይጠይቀዋል።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። «ቀልደኛ የሚናገረውን ሁሉ በሚዛን እየመዘነ፣ ማን ይቀየም ይሆን እያለ እየፈራ ከተነሣ፣ ሳቅ ከምድር ላይ ይጠፋል፤ ከሳቅም ጋር ኀያላንን የሚገሥጽ የመጨረሻው መሣሪያ ይጠፋል» የሚል ነው። ይህ ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ቅሬታ ሁሉ ፍርድ ቢሆን ከሁሉ በፊት የሚቀየሙት ኀያላን ናቸው፤ አዝማሪው መጀመሪያ ዝም እንዲል የሚታዘዘውም በእነርሱ ነው። ስለዚህ መስፈርቱ የተቀለደበት ሰው መቀየም አለመቀየም ሊሆን አይችልም። መስፈርቱ ቀልዱ የተዋሰው ነገር ምንድን ነው የሚለው ነው። ሰው የሠራውን ማስመሰልና ሰው የተፈጠረበትን ማስመሰል አንድ አይደለም። ሹሙ በስብሰባ ላይ ያንኑ አንድ ቃል ሃያ ጊዜ የሚደጋግም ከሆነ፣ የደጋገመው ራሱ ነውና ቢያስመስሉት ትምህርት ነው። ያው ሹም ኮልታፋ ቢሆንና ኮልታፋነቱን ቢያስመስሉት ግን፣ የሥራው ጉድለት ሳይነካ ሰውነቱ ተዋረደ፤ ከእርሱም ጋር በዚያ ክፍል ተቀምጦ የሚሰማው ኮልታፋ ተላላኪ ያለ ጥፋቱ ተመታ። ይህን ለይቶ ማወቅ ሳቅን አይገድልም፤ ሳቅ ዒላማውን እንዲመታ ያስተምረዋል እንጂ።

በዘመናችን ደግሞ ሌላ ጥያቄ ተጨምሯል። በኤፕሪል 1 ቀን 1957 የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ድርጅት ቢቢሲ በተከበረው የዜና ሐተታ ፕሮግራሙ፣ በስዊዘርላንድ ገበሬዎች ስፓጌቲን ከዛፍ ላይ ሲለቅሙ የሚያሳይ ፊልም አሳየ። ነገሩ የቀኑ ቀልድ ነበር። ሆኖም አንዳንድ ተመልካቾች የስፓጌቲ ዛፍ እንዴት እንደሚተከል ለመጠየቅ ስልክ ደወሉ። እነዚያን ሰዎች ያሳታቸው ሞኝነታቸው ብቻ አይደለም፤ ይናገር የነበረውን የዜና ሰው ማመናቸው ነው። ቀልዱ የተከፈለው ከተመልካቹ አመኔታ ላይ ተበድሮ ነው፤ ድርጅቱም ቀልድነቱን ስለ ገለጠ ብድሩ ተመለሰ። ዛሬ ግን በሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች የማንኛውንም ሰው ፊትና ድምፅ አስመስሎ ያልተናገረውን ማናገር ተችሏል። የቀድሞው ቀልደኛ ድምፅን ሲቀዳ የራሱ ድምፅ ከሥር ይሰማ ነበር፤ ጭምብሉ ከነመስፊያው ይታይ ነበር። አሁን መስፊያው ጠፍቷል። ትርኢቱ ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው ሲተላለፍ፣ «ቀልድ ነው» የሚለው ቃል በመንገድ ላይ ወድቆ ይቀራል፤ በመጨረሻ የሚያየው ሰው የሚያገኘው ንግግሩን ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ተዋናዩና ግብዙ የሚለዩበት ድንበር፣ በመጀመሪያ የጠቀስነው ድንበር፣ ይፈርሳል። ስለዚህ ቀልደኛው ጭምብሉ ጭምብል መሆኑን በራሱ በሥራው ውስጥ ማሳየት የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የእውነተኝነት ግዴታው ሆኗል።

ኀላፊነት ግን በቀልደኛው ላይ ብቻ የወደቀ አይደለም። የተቀለደበትም ሰው፣ ይልቁንም ሥልጣን ያለው እንደ ሆነ፣ ከመቈጣቱ በፊት ራሱን ሊመረምር ይገባዋል። የተዋሱበት የሠራውን ከሆነ፣ ደመወዝ ሳይከፍል መካሪ አግኝቷል ማለት ነው። ተማሪው የመምህሩን ንግግር ሲቀዳ መምህሩ በበር ቆሞ ቢሰማ፣ ከትምህርቱ ውስጥ ተማሪው ልብ የሚለው የቱን እንደ ሆነ ሊያውቅ ይችላል። ተመልካቹም ከኀላፊነት አያመልጥም። አባቶቻችን «ጥርስ ባዳ ነው» ብለዋል፤ ልብ የሚያዝንበትንም ነገር ጥርስ ይስቅለታልና። የሳቀ ሰው ሁሉ የፈረደ አይደለም፤ ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ምን እንዳሳቀው ራሱን የማይጠይቅ ሰው፣ ሌላው የፈረደውን ፍርድ ሳያውቀው ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። የአቴና ዳኞች የደረሰባቸው ይህ ነው።

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት ጥያቄ ስንመለስ፣ «ቀልዴን ነው» ማለት ለአንድ ነገር ይበቃል፤ ቀልደኛው በጠላትነት እንዳልተነሣ ለማስረዳት ይበቃል። የድሬድኖት ሰዎችም፣ «ደመናዎች»ን የጻፈው ባለቅኔም፣ ይህን ቃል በእውነት ሊናገሩት ይችሉ ነበር። ነገር ግን ቃሉ ስለ ቀልደኛው ሐሳብ እንጂ ስለ ቀልዱ ሥራ አይመሰክርም። ስለ ሥራው የሚመሰክረው ሌላ ነው፤ ያስመሰሉትን ነገር ማወቅ፣ የሠራውን እንጂ የተፈጠረበትን አለመዋስ፣ ጭምብሉንም ለተመልካች አለመደበቅ ነው። ይህን የፈጸመ ሰው ኀያሉን ቢያስቈጣም ሊፈራ አይገባውም፤ ይህን ያልፈጸመ ደግሞ አገር ሁሉ ቢስቅለትም ዕዳው አልተሠረዘለትም። የጦር መርከብ በሌላ ሕዝብ ስም ገብቶ መጎብኘት አርባ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ያ ሕዝብ ማን እንደ ሆነ መጠየቅም ከዚያ ብዙ የሚበልጥ ጊዜ ባልወሰደ ነበር።